26ኤ፦ ለምን አንድ ተወካይ ብቻ?

ጥያቄው፦ «ነርስ ነኝ። ለሰባት ዓመት በደቡብ ዳኮታ፣ በሱ ፎልስ ከተማ ኖሬ ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ ቶድ ካውንቲ ተዛወርኩ። ሱ ፎልስ ሳለሁ ለግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ሰው እመርጥ ነበር። እዚህ የተሰጠኝ የድምፅ መስጫ ወረቀት ግን ‹የምርጫ ክልል 26ኤ› ይልና አንድ ሰው ብቻ እንድመርጥ ያዛል። የሥራ ባልደረባዬ ‹ይህ ለቀይ ሕንዶቹ ሲባል በፍርድ ቤት የተሠራ ነው› አለችኝ። የእኔ ድምፅ ግማሽ ሆነ ማለት ነው? ለምንስ እንዲህ ተደረገ?»

መልስ፦ ከሚያሳስብዎ ነገር ልጀምርና ድምፅዎ አልተገመሰም። ባልደረባዎ የነገረችዎ ግማሹ እውነት ነው። ፍርድ ቤት የገባበት መሆኑ ልክ ነው። «ለእነሱ ሲባል» የተሰጠ ስጦታ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት ትንሽ ሒሳብና ብዙ ታሪክ ያስፈልገኛል። ስለ ስሙም አንድ ነገር ላንሳ። «ቀይ ሕንድ» የምንለው ከልጅነት የፊልም ትዝታችን የመጣ ነው። ጎረቤቶችዎ ራሳቸውን ላኮታ ይላሉ፣ ቶድ ካውንቲ በሚገኝበት በሮዝበድ፣ ለነባር ሕዝቡ በተከለለው ይዞታ፣ ያሉት ደግሞ ሲቻንጉ ላኮታ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሒሳቡ ይቅደም። ደቡብ ዳኮታ በ35 የምርጫ ክልሎች ተከፍላለች። እያንዳንዱ ክልል አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካዮች ወደ ዋና ከተማው ወደ ፒየር ይልካል፤ 35 ሴናተሮችና 70 ተወካዮች፣ በድምሩ 105 ሰዎች። በ2020 ቆጠራ የግዛቱ ሕዝብ 886,667 ነበር፤ ለ35 ሲካፈል ለአንድ ክልል ወደ 25,300 ሰው ይደርሳል። ሱ ፎልስ ሳሉ ከ25,000 ሰዎች ጋር ሆነው ሁለት ተወካይ ይመርጡ ነበር። ክልል 26ም እንደዚያው 25,000 ገደማ ሰው ይዞ ሁለት ተወካይ አለው። ልዩነቱ መሐሉ ላይ መስመር መሰመሩ ብቻ ነው፤ 26ኤ አንዱን፣ 26ቢ ሌላውን ይመርጣል። ስለዚህ ከ12,500 ከሚበልጡ ሰዎች ጋር አንድ ተወካይ ይጋራሉ፤ ከበፊቱ ጋር ሲነጻጸር አልተቀነሰብዎትም፣ አልተጨመረልዎትምም። ለሴናተር ደግሞ ከመላው ክልል 26 ጋር አብረው ይመርጣሉ። በግዛቱ እንዲህ ለሁለት የተከፈሉት ክልሎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የእርስዎ 26 እና በስተሰሜን ያለው 28።

ታዲያ ቁጥሩ እኩል ከሆነ መስመሩ ምን ይጠቅማል? ይህን ሁልጊዜ የማስረዳው በእድር ነው። መቶ አባላት ያሉት እድር አለ እንበል፤ ስልሳው ከላይ ሰፈር፣ አርባው ከታች ሰፈር። ሁለት የኮሚቴ አባላት ይመረጣሉ፣ እያንዳንዱም አባል ለሁለት ሰው ድምፅ ይሰጣል። ሁለቱ ሰፈሮች ተቀያይመው እያንዳንዱ የራሱን ሰው ብቻ የሚመርጥ ከሆነ የላይ ሰፈር ሁለቱንም መቀመጫ በስልሳ ድምፅ ይወስዳል። የታች ሰፈር አርባ ሰው ይዞ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም። አሁን እድሩን በሃምሳ ሃምሳ ለሁለት ክፈሉት። በአንደኛው ወገን 35 የታች ሰፈርና 15 የላይ ሰፈር ሰው ይኑር፣ በሌላው 5 የታች ሰፈርና 45 የላይ ሰፈር። የሰው ቁጥር አልተለወጠም፣ የመቀመጫውም ቁጥር አልተለወጠም፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ሰፈር አንድ አንድ ሰው አስገባ። 26ኤ ማለት ይኸው ነው።

ብልሃቱ በተቃራኒውም ይሠራል፤ የምርጫ ካርታ ሠሪዎች ሁለት የቆዩ መሣሪያዎች አሏቸው፣ ማጨቅና መበተን። መበተን ማለት አንድን ማኅበረሰብ በየክልሉ ጥቂት ጥቂቱን አከፋፍሎ የትም እንዳያሸንፍ ማድረግ ነው። ማጨቅ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ክልል አጉሮ አንዱን በ90 በመቶ እንዲያሸንፍና በጎረቤቱ ክልል ምንም እንዳይኖረው ማድረግ ነው። ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ከበቃ የቀረው ድምፅ ባከነ። የ26ኤ ክርክር የተነሳው በማጨቅ ነው፤ ታሪኩ ግን ከዚያ በብዙ ይርቃል።

የ1868ቱ የፎርት ላራሚ ውል ከሚዙሪ ወንዝ ምዕራብ ያለውን የዛሬውን የደቡብ ዳኮታ ግማሽ ለላኮታና ሱ ተብለው ለሚጠሩ ሌሎች ሕዝቦች አስጠብቆ ነበር። በ1889 ኮንግረስ ያንን ታላቅ ይዞታ ቆራርጦ ፓይን ሪጅ፣ ሮዝበድ፣ ሻየን ሪቨር፣ ስታንዲንግ ሮክና ሌሎች ትንንሽ ይዞታዎች አደረገው። በዚያው ዓመት በኅዳር ደቡብ ዳኮታ ግዛት ሆነች። በቀጣዩ ዓመት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1890፣ ወታደሮች በዉንድድ ኒ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ጨፈጨፉ። ዉንድድ ኒ ዛሬ የምርጫ ክልል 27 ውስጥ ናት፤ ከእርስዎ ክልል አጠገብ። ይህን የምነግርዎ ለማሳዘን አይደለም። ግዛቱ የተወለደው ከዚህ መሬት ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው የምርጫ ሕጉም ይህንን ሕዝብ ከውጭ እንደቆመ ይቆጥረው ስለነበር ነው።

በ1924 ኮንግረስ ነባር አሜሪካውያንን ሁሉ ዜጋ አደረገ። ደቡብ ዳኮታ ግን እስከ 1940ዎቹ ድረስ በሕግ ከምርጫና ከሥልጣን ስታገልላቸው ቆየች። ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ብልሃት ቀረ፤ «ያልተደራጀ ካውንቲ» የሚባል። ሦስት ካውንቲዎች፣ ሻነን፣ ቶድና ዋሻባ፣ ካውንቲ ተብለው በካርታ ላይ ተስለዋል እንጂ የራሳቸው አስተዳደር አልነበራቸውም፤ ከተደራጀ ጎረቤት ጋር ተጣብቀው ይተዳደሩ ነበር። ሻነን ከፎል ሪቨር፣ የእርስዎ ቶድ ከትሪፕ። የሦስቱም ነዋሪዎች በአብዛኛው ላኮታ ነበሩ። የሚያስተዳድሯቸውን፣ የሚቀርጧቸውን፣ ሸሪፋቸውን የሚመርጠው ግን የጎረቤት ካውንቲ ሕዝብ ነበር፤ እነሱ ለዚያ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ አይፈቀድም። ይህ የተሰበረው በ1975 በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው። በጎረቤቱ ካውንቲ ለሹመት መወዳደር የተፈቀደላቸው ደግሞ በ1980 ሌላ ፍርድ ተጨምሮ ነው። የቶድ ካውንቲ ብዙ የጽሕፈት ሥራ እስከ ቅርብ ጊዜ በትሪፕ ካውንቲ ከተማ በዊነር ሲሠራ ቆይቷል፤ ከምርጫ ምዝገባዎ ጋር የዊነርን ስም አይተው ከገረመዎት ምክንያቱ ይህ ነው። ሻነን በ2014 በተሰጠ የሕዝብ ድምፅ መሠረት በ2015 ስሙን ለውጦ ኦግላላ ላኮታ ካውንቲ ሆኗል።

በዚያው በ1975 ኮንግረስ በዘር ምክንያት ድምፅ መንፈግን የሚከለክለውን የድምፅ መብት ሕግ ሲያሰፋ ሻነንና ቶድ ካውንቲዎችን ልዩ ጥበቃ ውስጥ አስገባቸው። ከእንግዲህ እነዚህን ካውንቲዎች የሚነካ ማንኛውም የምርጫ ሕግ ለውጥ በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በዋሽንግተን መጽደቅ ነበረበት። የግዛቱ ዋና ዓቃቤ ሕግ የነበረው ዊልያም ጃንክሎ በ1977 በጻፈው አስተያየት ይህንን ግዴታ ፊት ለፊት የሚታይ ቂልነት አድርጎ ገልጾ ቶሎ መታዘዝ እንደማያስፈልግ መከረ። ምክሩም ተሰማ። ከ1976 እስከ 2002 ድረስ ከ600 በላይ የምርጫ ሕጎችና ደንቦች ወጥተው ለማጽደቂያ የተላኩት ከአሥር ያነሱ ነበሩ። ጃንክሎ በኋላ ሁለት ጊዜ፣ በጠቅላላው ለ16 ዓመት፣ የግዛቱ አስተዳዳሪ ሆኗል። አንድ ሕግ ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ የሚጮህ ሰው ሳይኖር ማለፉ በሙያዬ ካየሁት ሁሉ ያስደንቀኛል። በ2002 የላኮታ መራጮች ከስሰው ግዛቱ የተዘለሉትን ሕጎች በሙሉ እንዲያቀርብ ተገደደ።

አሁን ወደ መስመሩ። የመጀመሪያው የተከፈለ ክልል የእርስዎ 26 ሳይሆን 28 ነው። በ1991 ምክር ቤቱ ራሱ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ የሻየን ሪቨርና የስታንዲንግ ሮክ ላኮታዎች የሚበዙበትን 28ኤን ለየ። በ1996 ሐሳቡን ለውጦ መስመሩን ሰረዘና ሁለቱንም መቀመጫ ወደ አንድ ድምር መለሰ፤ ልክ እንደ እድራችን። የአካባቢው ሰዎች ከሰሱ። በ2000 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በዘር ጉዳይ ሳይሆን በቀላል የሕገ መንግሥት ነጥብ ነው፤ ክልል የሚሠራው ከአሥር ዓመቱ ቆጠራ በኋላ አንድ ጊዜ ነው፣ መሐል ላይ መነካካት አይቻልም። 28ኤ ተመለሰ፣ በዚያው ዓመትም የሻየን ሪቨር ተወላጁ ቶም ቫን ኖርማን ተመረጠ።

ከዚያ የ2001 ካርታ መጣ። ይህ ካርታ ሻነንና ቶድን አንድ ላይ በክልል 27 አጨቀ፤ ከክልሉ ሕዝብ 90 በመቶው ላኮታ ሆነ። ከጎኑ ያለው ክልል 26 ደግሞ 30 በመቶ ገደማ ነባር አሜሪካውያን ብቻ ቀሩበት። አልፍሬድ ቦን ሸርትና ሌሎች ሦስት መራጮች ግዛቱን ከሰሱ፤ መዝገቡ በስሙ ይታወቃል።

እንዲህ ያለ ክስ ሦስት ነገር ማሳየት ይጠበቅበታል፤ መመዘኛውን ያወጣው የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 ነው። አንደኛ፣ ማኅበረሰቡ በአንድ አካባቢ የተሰባሰበና አንድ ተጨማሪ ክልል የሚሞላ መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሰው የሚመርጥ መሆኑን፤ ሦስተኛ፣ ብዙኃኑ በአንድነት ቆመው የዚያን ማኅበረሰብ ምርጫ ዘወትር የሚያሸንፉ መሆኑን። ሦስተኛው ነው ከባዱ። የየምርጫ ጣቢያው ውጤት ከቆጠራው ጋር እየተስተያየ ማን ማንን እንደመረጠ ይገመታል፤ ሁለት ወገን የቀጠራቸው ባለሙያዎች ለወራት ይከራከሩበታል። ዳኛ ካረን ሽራየር በ2004 ሰፊ ፍርድ ጽፈው ካርታው የድምፅ መብት ሕጉን ይጥሳል አሉ። ምክር ቤቱ መፍትሔ እንዲያቀርብ ዕድል ተሰጠው፤ አላቀረበም። ዳኛዋ በ2005 ካርታውን ራሳቸው አስተካከሉ፤ ቶድን ከ27 አውጥተው ወደ 26 አመጡና 26ን ለሁለት ከፈሉት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2006 አጸናው። እርስዎ አሁን የቆሙበት መስመር የተሰመረው ያኔ ነው። ከ2010 እና ከ2020 ቆጠራ በኋላ የወጡት ካርታዎች ድንበሩን እዚህም እዚያም ቢነካኩትም 26ኤን አላጠፉትም።

ስለዚህ «ለእነሱ ሲባል የተሠራ» ከሚለው ይልቅ «አስቀድሞ በእነሱ ላይ የተሠራው ተስተካከለ» ቢባል እውነቱ ይቀርባል። በ26ኤ የሚኖር ከብት አርቢ ነጭም ሆነ ከአዲስ አበባ የመጣ ነርስ ድምፁ ከላኮታ ጎረቤቱ ድምፅ እኩል ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ክልል ውስጥ ማን እንደሚመረጥ አስቀድሞ አልተጻፈም። ጎረቤትዎን ክልል 27ን ይመልከቱ። ሕዝቡ በብዛት ላኮታ ነው፤ ሆኖም ሪፐብሊካኗ ሊዝ ሜይ ከ2012 ጀምሮ በተደጋጋሚ አሸንፋበታለች፣ ፔሪ ፑሪየርም በዴሞክራትነት ተወዳድራ ከ2018 ጀምሮ ተመርጣበታለች። ሁለቱም ከአንድ ወረቀት፣ ከአንድ ሕዝብ። 27 እስካሁን አልተከፈለም።

ከእነዚህ ሁለት ክልሎች የወጡት ሰዎች ደግሞ ቀላል አልነበሩም። ኬቨን ኪለር በ2008 ከክልል 27 ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ገባ፣ በ2016 ሴናተር ሆነ፣ በ2020 የፓይን ሪጅ ይዞታ የኦግላላ ሱ ጎሣ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። የክልል 26ቱ ትሮይ ሃይነርት የሮዝበድ ሰው ነው፤ በሮዲዮ ሜዳ ከሚያፈናጥር ፈረስ ላይ ጋላቢዎችን ከአደጋ የሚያወጣ ፈረሰኛ፣ በሴኔት ደግሞ የዴሞክራቶች መሪ ነበር። በ2020 ምርጫ ዴሞክራቶች ከ35ቱ የሴኔት መቀመጫዎች ሦስት ብቻ ነበር የቀራቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ሃይነርትና የክልል 27ቷ ሬድ ዶን ፎስተር ነበሩ። በአንድ ግዛት ሴኔት የተቃዋሚው ወገን ሁለት ሦስተኛ ከሁለት ሰፊና ድሃ የገጠር ክልሎች መጣ ማለት ነው።

የመስመሩ ሥራ በግልጽ የታየኝ ግን በ2024 ነው። የሴኔቱ መቀመጫ የሚመረጠው በመላው ክልል 26 ስለሆነ ሪፐብሊካኗ ታማራ ግሮቭ ሾን ቦርዶን አሸንፋ ወሰደችው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ክልል፣ በ26ኤ ውስጥ የሮዝበዱ ኤሪክ ኤመሪ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫውን አስጠበቀ። መስመሩ ባይኖር ኖሮ ሁለቱም የተወካይ መቀመጫዎች የሴኔቱን መንገድ ይከተሉ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ካላነሳሁ ጥያቄዎን በግማሹ መለስኩ ማለት ነው። መስመር ብቻውን ወንበር አይሞላም። ደቡብ ዳኮታ ከምርጫው ቀን 46 ቀን ቀድሞ ድምፅ መስጠት ትፈቅዳለች፤ ሱ ፎልስ ውስጥ ከሥራ መልስ ጎራ ብሎ የሚፈጸም ነገር ነው። የሻነን ካውንቲ ነዋሪ ግን ለዚህ ወደ ጎረቤት ካውንቲ፣ ወደ ሆት ስፕሪንግስ፣ መንዳት ነበረበት። መኪና የሌለው፣ የቤንዚን ገንዘብ የሌለው፣ ልጅ የሚይዝለት የሌለው ሰው 46 ቀን ቢሰጠው ምን ይጠቅመዋል? ከ2012 ጀምሮ በዚህ ላይ ብቻ ክስ ተነሥቶ ነው በአካባቢው የድምፅ መስጫ ቢሮ የተከፈተው። በ2022ም የሮዝበድና የኦግላላ ጎሣዎች የከፈቱትን ክስ የሰማ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግዛቱ በመንጃ ፈቃድና በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮዎች ሰዎችን መመዝገብ ሲገባው በደንብ እንዳልመዘገበ ፈርዷል። በእነዚህ አካባቢዎች ብዙ ቤት የመንገድ ቁጥር የለውም፤ ፖስታ ወደ በር አይመጣም። እርስዎ በሥራዎ የሕመምተኛ አድራሻ ሲሞሉ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ደግሞ እነዚህ ድምፆች ጥቂት ናቸው ብሎ የሚንቅ ካለ፦ በ2002 ቲም ጆንሰን ጆን ቱንን አሸንፎ ወደ አሜሪካ ሴኔት የተመለሰው በ524 ድምፅ ልዩነት ነው፤ ሚዛኑ ያጋደለው ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ከሻነን ካውንቲ በደረሱ የመጨረሻ ቆጠራዎች ነበር።

«ወደፊትስ 26ኤ ይቆያል?» ብለው አልጠየቁም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው። ደቡብ ዳኮታን የሚያካትተው ስምንተኛው የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኅዳር 2023 ከአርካንሶ በመጣ ጉዳይ፣ ተራ መራጮችና ማኅበራት የድምፅ መብት ሕጉን ሁለተኛ አንቀጽ፣ የቦን ሸርት ክስ የቆመበትን፣ ጠቅሰው መክሰስ አይችሉም፣ የሚችለው የፌዴራሉ ዋና ዓቃቤ ሕግ ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። በግንቦት 2025 በሰሜን ዳኮታ ጎሣዎች ጉዳይም ሌላውን መክሰሻ መንገድ ዘጋባቸው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2025 ይህን የኋለኛውን ለጊዜው አግዶታል። ልብ ይበሉ፤ ይህ ደንብ በ2001 ቢኖር ኖሮ ቦን ሸርት የሚያንኳኳው በር አይኖርም ነበር። የዋሽንግተኑ ቅድመ ማጽደቅም በ2013 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ስለቆመ የ1975ቱ ጥበቃ የለም። ቀጣዩ ካርታ ከ2030 ቆጠራ በኋላ በ2031 ይሠራል፤ ያኔ መስመሩን የሚጠብቀው የምክር ቤቱ በጎ ፈቃድ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ምናልባት እንደ ብዙ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲያነቡ የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ትዝ ብሎዎት ይሆናል፤ በፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ550 የማይበልጡ መቀመጫዎች ውስጥ አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች ከ20 የማያንሱ መቀመጫዎችን ይሰጣል። እሱ በእርግጥ ልዩ ድልድል ነው፤ ሰዎቹ በቁጥራቸው ባያገኙትም ይሰጣቸዋል። የ26ኤ ሰዎች ግን ከቁጥራቸው በላይ አንዲት ቅንጣት አልተሰጣቸውም። ሁለቱን አንድ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው።

ለእርስዎ የቀረው ተግባራዊ ነገር ነው። አድራሻዎን ከሱ ፎልስ ወደ ቶድ ካውንቲ መቀየርዎን ያረጋግጡ፤ የምዝገባው ቀነ ገደብ ከምርጫው 15 ቀን በፊት ነው። በ26ኤ ብዙ ጊዜ ውድድሩ የሚያልቀው በኅዳር ሳይሆን በሰኔው የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ስለሆነ የኅዳሩን ብቻ አይጠብቁ። ባልደረባዎንም የእድሩን ሒሳብ በወረቀት ላይ ያሳዩአት፤ 60፣ 40፣ ሁለት መቀመጫ።